መስመሩን የሣለው ማን ነው?

በተማሪው መካከል ከሰሞኑ አንድ አነጋገር ይዘዋወራል። የኮምፒዩተር ክፍል ተማሪዎች ማታ ማታ ተሰብስበው በስክሪናቸው ጥግ ላይ ስለሚታይ አንድ ትንሽ ግራፍ ሲከራከሩ የሰሙ ወንድሞቻችን፥ «አገር ፋብሪካ በተጠማችበት ዘመን፥ በመቐለ ኢንዱስትሪ ፓርክ የስፌት መኪና በጦርነት ዝም ባለበት አገር፥ እናንተ የጣት ጥፍር በምታህል ሳጥን ውስጥ መስመር ትሥላላችሁ» ይሉናል። አንዳንዶቹም ይስቃሉ።

ይህን አነጋገር እኛ የአገር ፍቅር ካባ ደርቦ የመጣ ስንፍና ነው እንላለን። ቢሆንም መልስ ይገባዋል፤ የሚናገሩት ከመካከላችን ለሕዝብ ከሚቆረቆሩት ወገን ናቸውና። ግድ የሌለው ሰው ቢሆንማ ዝም እንለው ነበር።

ነገሩን ለማያውቀው አንባቢ፥ በተለይም ለሕግና ለእርሻ ተማሪዎች፥ በአጭሩ እናስረዳ። ኮምፒዩተር ሲከፈት በስክሪኑ ላይ መስኮቶችን የሚያሰልፍ፥ የትኛው ከፊት የትኛው ከኋላ እንደሚሆን የሚወስን ፕሮግራም አለ፤ ይኸውም የመስኮት አስተዳዳሪ ይባላል። ብዙው ሰው ከማሽኑ ጋር አብሮ የመጣለትን ስለሚጠቀም መኖሩን እንኳ አያውቅም። በሊኑክስ ላይ ግን አስተዳዳሪውን መርጦ መጫን፥ ከፈለጉም ፈትቶ ማየት ይቻላል። እኛ የምንሠራበት ኦሰም የሚባለው ነው። ዡልየን ዳንዡ የተባለ ፈረንሳዊ በ2007 እ.ኤ.አ. ከሌላ ትንሽ አስተዳዳሪ ኮድ ተነሥቶ ጀመረው። በስክሪኑ ዳር ባለው ቀጭን መደብ ላይ ሰዓት፥ ባትሪ፥ ግራፍ የመሳሰሉ ትንንሽ ነገሮች ይቀመጣሉ፤ እነዚህን ዊጄት ይሏቸዋል። ያ ሁሉ ክርክር የተነሣበት ዊጄት ፕሮሰሰሩ ምን ያህል እየሠራ እንደ ሆነ የሚያሳየው ግራፍ ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ሊኑክስ ፕሮሰሰሩ ጊዜውን በምን እንዳሳለፈ ሁልጊዜ ይመዘግባል። መዝገቡም ፕሮክ በሚባለው ማውጫ ውስጥ ስታት በሚል ፋይል ይነበባል። የመጀመሪያው መስመር የቁጥር ድርድር ነው፤ ለተጠቃሚው ፕሮግራም የዋለው ጊዜ፥ ለከርነሉ የዋለው፥ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠበት፥ ዲስክ ሲጠብቅ ያለፈበት፥ እያለ ይቀጥላል። መቁጠሪያው አብዛኛውን ጊዜ የሴኮንድ አንድ መቶኛ ነው። ጀማሪ ተማሪ ይህን ሲያገኝ ደስ ይለዋል። የሠራበትን ለጠቅላላው ያካፍላል፥ በመቶ ያበዛል፥ ይሥላል። የሚያገኘውም ቀጥ ያለ፥ የማይናወጥ፥ ለዓይን የሚያምር መስመር ነው። ማሽኑ ሥራ በዝቶበት ማራገቢያው ቢጮኽ እንኳ መስመሩ ፈቀቅ አይልም።

ምክንያቱ ምንድን ነው? ቁጥሮቹ ማሽኑ ከተከፈተበት ደቂቃ ጀምሮ የተጠራቀሙ ናቸው። ማሽኑ አሥር ሰዓት ሙሉ ተከፍቶ ከሰነበተ፥ የአሁኗ አንዲት ሴኮንድ በዚያ ክምር ላይ የምታመጣው ለውጥ አይታይም። ስለዚህ አንድ ጊዜ ማንበብ ከንቱ ነው። ሁለት ጊዜ አንብቦ የመጀመሪያውን ከሁለተኛው መቀነስ ያስፈልጋል። ባለ አራት ኮር ማሽን በአንድ ሴኮንድ ውስጥ በጠቅላላው 400 ያህል ይቆጥራል። ከ400ው 300ው ሥራ ፈትቶ ያለፈ ከሆነ የሠራው 100 ነው፤ ይህም 25 በመቶ ማለት ነው። በሚቀጥለው ሴኮንድ ሥራ ፈቱ ወደ 40 ቢወርድ ግራፉ ወደ 90 በመቶ ይዘላል። ያን ጊዜ ብቻ መስመሩ እውነት መናገር ይጀምራል።

የሚስቁብን ወንድሞች እዚህ ላይ ጥቂት እንዲቆሙልን እንለምናለን። ይህች የመቀነስ ሥራ፥ የሁለተኛ ክፍል ሒሳብ የሆነችው፥ ስለ አገራችን ኢንዱስትሪ ከሚነገረው አብዛኛው ሪፖርት ውስጥ የጠፋች ናት።

የመቐለ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሐምሌ 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ የኮምቦልቻውም በዚያው ሰሞን ነበር። የመቐለው የመጀመሪያ ምዕራፍ በ100 ሄክታር መሬት ላይ፥ በ100 ሚሊዮን ዶላር ገደማ፥ በቻይና ተቋራጭ የተሠራ ሲሆን በተለይ ለጨርቃ ጨርቅና ለአልባሳት የታሰበ ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ ፓርኮቻችን በሬዲዮም በቴሌቪዥንም ስንሰማ የኖርነው ዐረፍተ ነገር ምን ዓይነት ነበር? «ሥራ ከጀመሩበት ጊዜ አንሥቶ ለይህን ያህል ሺሕ ዜጎች የሥራ ዕድል ፈጥረዋል» የሚል ነው። ይህ የተጠራቀመ ቁጥር ነው። የተጠራቀመ ቁጥር ደግሞ ከቶ አይወርድም። የገባውን ይቆጥራል፤ የወጣውን አይቆጥርም።

በ2019 እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ከስተርን የንግድ ትምህርት ቤት የወጣ አንድ ጥናት፥ በሐዋሳ ፓርክ ያሉ ፋብሪካዎች በአማካይ በ12 ወር ውስጥ መላ ሠራተኞቻቸውን ለመተካት ይገደዱ እንደ ነበር ጽፎአል። ሒሳቡን እንሥራው። 1,000 ሠራተኛ ያለው ፋብሪካ በዓመት ውስጥ ሁሉም ሄደውበት ሌላ 1,000 ቢቀጥር፥ በተጠራቀመው ቁጥር የ2,000 ሰው ሥራ ፈጥሮአል። በሼዱ ውስጥ ቆጥረን የምናገኘው ግን ያንኑ 1,000 ነው። ሌላ ዓመት ቢጨመር 3,000 ይባላል፤ ሼዱ ውስጥ አሁንም 1,000። እንግዲህ ሠራተኛው በብዛት በሸሸ ቁጥር ሪፖርቱ እያማረ ይሄዳል ማለት ነው! ላም አለኝ በሰማይ የሚባለው ይኸው አይደለምን? ይህን ማታለል ለማጋለጥ ኢኮኖሚስት መሆን አያስፈልግም። ያንን ቀጥ ያለ የማይናወጥ መስመር አንድ ጊዜ በገዛ እጁ ሥሎ፥ ለምን እንደማይናወጥ ያወቀ ተማሪ ወዲያው ይለየዋል።

ወደ መቐለ እንመለስ። ጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ተነሣ፤ ፓርኩም ሥራ አቆመ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት እስኪፈረም ድረስ ባሉት ሁለት ዓመታት ከተማይቱ ለረጅም ጊዜ ያለ መብራት፥ ያለ ስልክ፥ ያለ ባንክና ያለ ኢንተርኔት ቆየች። ከዋናው የኤሌክትሪክ መስመር ጋር ዳግመኛ የተገናኘችው ኅዳር 2015 ዓ.ም. ነው። እነዚህን ሁለት ዓመታት በግራፍ ሣሉልን ብንባል ምን እንሥላለን?

የፕሮግራም ጉዳይ እዚህ ላይ የኅሊና ጉዳይ ይሆናል። ዊጄቱ መለኪያውን ማንበብ ሳይችል ሲቀር ፕሮግራም አድራጊው አንድ ነገር መወሰን አለበት። ዜሮ ብሎ ሊሥል ይችላል። የመጨረሻውን ዋጋ እየደገመ ሊሥል ይችላል፤ ያን ጊዜ መስመሩ ምንም እንዳልተፈጠረ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ከፊትና ከኋላ ያሉትን ሁለት ነጥቦች በቀጥታ መስመር ሊያያይዝ ይችላል፤ ያን ጊዜ ሁለቱ ዓመታት ለስላሳ ቁልቁለት ወይም ለስላሳ ዳገት ይሆናሉ። ባዶ ሊተወውም ይችላል። ከአራቱ የትኛውም ከሰማይ አልወረደም፤ የትኛውንም የሚመርጠው ኮዱን የጻፈው ሰው ነው። ፋብሪካው ስላልሠራ የምርቱ ግራፍ ዜሮ ቢሆን እውነት ነው። በከተማይቱ ውስጥ የነበረው ረሃብ፥ በሽታ፥ የሥራ ማጣት ግን አልተለካም እንጂ ዜሮ አልነበረም። ያልተለካውን ዜሮ ብሎ የሣለ ሰው፥ ሳያውቀውም ቢሆን፥ «ምንም አልደረሰም» ብሎ መስክሮአል። ያልተለካውን ባዶ የተወ ግን «እዚህ ላይ አላየንም» ብሎ ተናግሮአል። በኮዱ ውስጥ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የአንድ መስመር ጽሑፍ ነው።

ሌላም አለ። መብራት ጠፍቶ ማሽኑ እንደ ገና ሲነሣ የተጠራቀመው ቆጣሪ ከዜሮ ይጀምራል። ንባቡን በፋይል እያስቀመጠ የሚሠራ፥ ይህን ያልጠበቀ ፕሮግራም አዲሱን ትንሽ ቁጥር ከአሮጌው ትልቅ ቁጥር ጋር አነጻጽሮ ከዜሮ በታች የሆነ ውጤት ያወጣል። መብራት የማይጠፋበት አገር ልጅ ይህን ሊዘነጋው ይችላል፤ እኛ ግን ልንዘነጋው አንችልም። ደግሞም ግራፉ የሚያስታውሰው የስፋቱን ያህል ብቻ ነው። 100 ፒክስል ስፋት ያለው፥ በየሁለት ሴኮንዱ አንድ ፒክስል የሚራመድ ግራፍ የ200 ሴኮንድ ትዝታ አለው፤ ይኸውም ሦስት ደቂቃ ከሃያ ሴኮንድ ነው። አዲሱ ከአንድ ወገን ሲገባ አሮጌው ከሌላው ወገን ይወድቃል። አምስት ዓመት ብቻ የሚያሳይ ግራፍ የሚያቀርብልን ባለሥልጣን ሲመጣ፥ ስድስተኛው ዓመት ለምን ወደቀ ብሎ መጠየቅ የሚችል ተማሪ ከወዴት ይገኛል?

አሁን ደግሞ ስለ ቁመቱ እንናገር፤ ትልቁ ተንኮል ያለው እዚያ ነውና። በኦሰም ግራፍ ውስጥ ስኬል የሚባል ማብሪያ ማጥፊያ አለ። ሲጠፋ ግራፉ የተወሰነ ጣሪያ አለው፤ ለምሳሌ 100 በመቶ። ሲበራ ግን ከሚታዩት ዋጋዎች ከፍተኛውን ወስዶ እርሱን ጣሪያ ያደርገዋል። ማሽኑ ከ3 በመቶ በላይ ሳይሠራ ቢውል ያቺ 3 በመቶ ተራራ ሆና ትታያለች። ሲጠፋ ሜዳ፥ ሲበራ ተራራ፤ ማሽኑ ግን ያው ነው።

በስፌት ፋብሪካ የሠራ ሰው ይህን ማብሪያ ማጥፊያ በሌላ መልኩ ያውቀዋል። ከስፌት ላይኑ በላይ ሰሌዳ ይሰቀላል፤ የሰዓቱ ታርጌት ይህን ያህል፥ የተሠራው ይህን ያህል ይላል። ምሳሌ እንውሰድ። በአንድ ላይን ላይ 30 ኦፕሬተሮች አሉ እንበል። በሰዓት 30 ጊዜ 60 ደቂቃ፥ ማለትም 1,800 የሥራ ደቂቃ ይኖራቸዋል። አንዱ ካናቴራ በስታንዳርድ 15 ደቂቃ ይፈጃል ከተባለ፥ ሙሉ በሙሉ ቢሠሩ በሰዓት 120 ማውጣት አለባቸው። ታርጌቱ 60 ተብሎ፥ የተሠራው 54 ቢሆንስ? ከታርጌቱ አንጻር 90 በመቶ ነው፤ ከስታንዳርዱ አንጻር 45 በመቶ ነው። ሥራ አስኪያጁ መንግሥት ሲጎበኘው 90ውን ያሳያል። የደመወዝ ጭማሪ ሲጠየቅ 45ቱን ያወጣል። ካናቴራዎቹ ግን 54 ናቸው፤ ጣቶቹም የእነዚያው ልጃገረዶች ጣቶች ናቸው። ያቺ 15 ደቂቃስ ከየት መጣች? በየትኛው መኪና፥ በስንት ዓመት ልምድ ባላት ሠራተኛ፥ ምሳ በልታ ወይስ ሳትበላ ተለካች? ይህ ሁሉ ከሰሌዳው በስተጀርባ ነው። ሠራተኛይቱ የምታየው ቁጥሩ ቀይ ሲሆንና ሱፐርቫይዘሩ ሲጮኽ ብቻ ነው።

ከዚህ ሰሌዳ ላይ የሌለም ግራፍ አለ። ቀደም ብለን የጠቀስነው ጥናት የሐዋሳውን መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር አድርጎ አስቀምጦታል። ይህን ከቤት ኪራይና ከእንጀራ ዋጋ ጋር ጎን ለጎን የሚሥል ሰሌዳ በላይኑ ላይ ተሰቅሎ ያየ ሰው ካለ ይንገረን። መሣሉ ከሌላው አይከብድም፤ ሁለት መስመር ነው። እንዲሣል ያዘዘ ስለሌለ ነው ያልተሣለው።

«ይሁን፥ ግራፍ ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን ተዘጋጅቶ ሞልቶ የለምን? ለምን እንደ አዲስ ትጽፉታላችሁ?» የሚሉ ደግሞ አሉ። ከመምህራን ወገንም ይህን የሚሉ አልጠፉም። ስሙን በማንጠቅሰው በአንድ ክፍል ውስጥ የመመረቂያ ሥራ አድርገው እንዲህ ያለ ዊጄት ያቀረቡ ተማሪዎች «ይህማ ተሠርቶ ያለቀ ነገር ነው፥ ትልቅ ሲስተም አምጡ» ተብለው ተመልሰዋል። ትልቅ ሲስተም የተባለው ከውጭ የመጣ ጥቅል ላይ የኛን ስምና ዓርማ መለጠፍ እንደ ሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

ተዘጋጅቶ የመጣ ነገር ምን እንደሚያደርግ ፓርኮቻችን አስተምረውናል። ሼዱን የሠራው የውጭ ተቋራጭ ነው። የስፌት መኪናው ከውጭ ይመጣል። ጨርቁ፥ ክሩ፥ ዚፑ በአብዛኛው ከውጭ ይመጣል፤ ንድፉ ከውጭ፥ ገዢውም ውጭ። ሸቀጡ ያለ ቀረጥ አሜሪካ የሚገባበት አጎዋ የተባለው ዕድል እንኳ የሌላ አገር ሕግ ነው፤ ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከዚያ ስትሰረዝ የመቐለ ፓርክ በጦርነት ቆሞ ነበር፥ ጦርነት ያልደረሰበት የሐዋሳው ደግሞ በአንዲት ፊርማ ተናጋ። እኛ የነበረን ምን ነበር? ጣት ነበረን፥ መሬት ነበረን። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚለውን አባቶቻችን ስለ ጌጥ ብቻ የተናገሩት አይመስለንም። ስለዚህም በኮምፒዩተሩ ዓለም ሁለተኛ የስፌት ሼድ እንዳንሆን እንፈራለን፤ ሌላው የቆረጠውን እየሰፋን፥ ሌላው በሠራው ሰሌዳ እየተለካን።

ሌላ መንገድ እንዳለ የሚመሰክረው ይኸው የተናቀው ዊጄት ነው። ኦሰም ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታዘዘው ሉዋ በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ ነው፤ ግራፋችንም የሚጻፈው በርሱ ነው። ሉዋ ከየት መጣ? ብዙዎች ከካሊፎርንያ ይመስላቸዋል። በ1993 እ.ኤ.አ. በብራዚል፥ በሪዮ ዴ ጃኔሮ ካቶሊካዊ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፥ ሮቤርቶ ዬሩሳሊምስኪ፥ ሉዊስ ኤንሪኬ ዴ ፊጌይሬዶና ቫልዴማር ሴሌስ የተባሉ ሦስት ሰዎች የሠሩት ነው። ስሙ በፖርቱጋል ቋንቋ ጨረቃ ማለት ነው። ብራዚል ከ1977 እስከ 1992 እ.ኤ.አ. ድረስ የውጭ ኮምፒዩተርና ሶፍትዌር እንዳይገባ አጥራ ነበርና፥ ፔትሮብራስ የተባለው የነዳጅ ኩባንያዋ የሚያስፈልገውን የሚያሠራው በዚያው በዩኒቨርሲቲው ላቦራቶሪ ነበር። ቋንቋው የተወለደው የመሐንዲሶች የመረጃ ቅጽና የሪፖርት ዝግጅት ካስከተለው ችግር ነው። ከዚህ የበለጠ ተራ ሥራ የለም! ዛሬ ግን የዓለም ሕፃናት በሚጫወቱባቸው ጨዋታዎች ውስጥ፥ በዊኪፔድያም ገጾች ውስጥ ይሠራል። አጥሩ ብቻውን ይህን አላደረገም፤ በዚያው አጥር ውስጥ ብራዚል ብዙ ውድና ደካማ ማሽን ማምረቷን አንደብቅም። ያደረገው ነገር፥ ሦስት የዩኒቨርሲቲ ሰዎች የገዛ አገራቸውን የነዳጅ መሐንዲስ ችግር ትንሽ ነው ብለው አለመናቃቸው ነው። በመቐለ የአንዲት ኦፕሬተር ሰሌዳ ለምን ትንሽ ይሆንብናል?

የራሳችን የሆነና ማንም ሊሠራልን የማይችል ክፍልም አለ። በግራፉ ጎን «መቐለ» ብለን ስም እንጻፍ። ለዓይን ሦስት ፊደል ነው። ለሉዋ ግን ርዝመቱ ዘጠኝ ነው፤ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል በኮምፒዩተር ውስጥ ሦስት ባይት ይወስዳልና። ስሙ ለሳጥኑ ረዘመ ብሎ ከስምንተኛው ባይት ላይ የሚቆርጥ ፕሮግራም «ለ»ን ከመካከሏ ይሰነጥቃታል፤ በስክሪኑ ላይ የጥያቄ ምልክት ወይም ባዶ ሳጥን ይቀራል። የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ስለ ሆነ ኮዱን የጻፈው የውጭ ሰው ይህን በዕድሜው ላያየው ይችላል። ፊደላችን፥ «ቐ»ን ጭምር ይዞ፥ ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት ሰንጠረዥ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ስለ ግዕዝ ፊደል የተቆረቆሩ ሰዎች ብዙ ደክመውበታል። መግባቱ ግን በር መከፈት ነው እንጂ ቤት መሠራት አይደለም።

ሰዓቱም እንዲሁ ነው። የስክሪኑ ሰዓት ጧት 7 ሲል ለሠራተኛይቱ 1 ሰዓት ነው። የግራፉ የታችኛው መስመር ከእኩለ ሌሊት ከጀመረ፥ የርሷ ቀን ከግራፉ ሩብ ላይ ይጀምራል ማለት ነው። ወሩም 30 ቀን ነው፥ ጳጉሜንም አለች። አሥራ ሁለት ወር ብቻ የሚያውቅ የወር ሒሳብ የጳጉሜን ምርት ወዴት ያደርገዋል? ስድስት ሰዓት መቀነስ፥ አሥራ ሦስተኛ ወር መጨመር፥ ለባለሙያ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ይህን ግማሽ ቀን የሚሰጠን የውጭ ኩባንያ እስኪመጣ ብንጠብቅ ግን ፀጉራችን ይሸብታል።

ከራሳችን ወገን ላሉትም አንድ ቃል አለን። ስክሪናቸውን በስድስት ዓይነት ቀለም አስጊጠው፥ ከሌላ ሰው የቀዱትን ኮድ ሳያነቡ ለጥፈው፥ ፎቶግራፉን አንሥተው የሚያሳዩ አሉ። ግራፋቸው ይጨፍራል፤ ምን እንደሚለካ ቢጠየቁ ግን አያውቁም። የሚስቁብን ወንድሞች ያዩት እነዚህን ከሆነ መሳቃቸው አይፈረድበትም። የቆዳ ከረጢት ተሸክሞ ውስጡን የማያውቅ ተማሪ ዱሮም ነበረ። እኛ የምንሟገትለት ግራፍ ቀለሙ አንድ ሊሆን ይችላል፤ ኮዱም ከመቶ መስመር ላያልፍ ይችላል። የሚፈለገው፥ የጻፈው ሰው እያንዳንዱን መስመር ቆሞ ማስረዳት መቻሉ ነው፤ ቁጥሩ ከየት መጣ፥ ከምን ተቀነሰ፥ ለምን ተካፈለ፥ ጣሪያው ለምን ይህ ሆነ፥ ሳይለካ የቀረው እንዴት ተሣለ።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህ ነው። አንደኛ፥ ከመሠረቱ የተጻፈ ትንሽ ሥራ፥ ጸሐፊው በመምህራን ፊት መስመር በመስመር አንብቦ እስካስረዳው ድረስ፥ ለመመረቂያ ይበቃል ተብሎ ይወሰን። ከውጭ የመጣ ጥቅል ላይ ዓርማ መለጠፍ ግን ይቅር። ሁለተኛ፥ ለተግባር ልምምድ ወደ ኢንዱስትሪ ፓርኮች የሚላክ ተማሪ በቢሮ ተቀምጦ የመገኛ ወረቀት ወደ ኤክሴል ሲገለብጥ አይክረም። ወደ ላይኑ ይግባ፤ ኦፕሬተሯ አጠገብ ቆሞ የስታንዳርዱ ደቂቃ እንዴት እንደሚለካ ይይ፤ ሲመለስም እርሷ ራሷ በገዛ ቋንቋዋ ልታነበው የምትችል ሰሌዳ ሠርቶ ይምጣ። በመቐለ ከሆነ በትግርኛ፥ በኮምቦልቻ ከሆነ በአማርኛ፥ በሐዋሳ ከሆነ በሲዳምኛ። ሰሌዳው ላይ ታርጌቱ ብቻ ሳይሆን ታርጌቱ ከምን እንደ ተሰላ ይጻፍበት። ፋብሪካዎቹ ይህን ላይወዱት ይችላሉ። ሦስተኛ፥ የማኅበራችን ሥራ አስፈጻሚ በሚቀጥለው ጉባኤ የአባላቱን ቁጥር «ከተመሠረተ ጀምሮ» ብሎ እንዳያቀርብልን። በዚህ መንፈቅ ስንት ገባ፥ ስንት ወጣ፥ ይህን ይንገረን።

ከሚስቁት ጋር ክርክሩን በወረቀት ብቻ መጨረስ አንፈልግም። ቅዳሜ ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀምሮ በማኅበሩ ክፍል የግራፉ ኮድ በግድግዳ ላይ ተከፍቶ ይነበባል። ማሽን ያለው ማሽኑን ይዞ ይምጣ፤ የሌለው ከጎረቤቱ ጋር ይቀመጣል። የሕግና የእርሻ ተማሪዎች በተለይ ተጠርተዋል፤ ቁጥር መቀነስ የሚችል ሁሉ ይከተለዋል። የላይኑ ምሳሌ፥ 54ቱ ካናቴራ፥ በሁለቱም ጣሪያ ተሥሎ ይታያል። ከዚያ በኋላ መሳቅ የሚፈልግ ይሳቅ።